«የዕድሜ ልክ» የድምፅ ትምህርት ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

«ከ500 በላይ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶች፣ የዕድሜ ልክ፣ 1,200 ዶላር የነበረው ለዛሬ ብቻ 89 ዶላር።» ይህ ማስታወቂያ ሰሞኑን በአማርኛም በእንግሊዝኛም በየስልካችን እየገባ ነው። ሻጩን በስም አልጠራም፤ የንግድ ስሙን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ብታውቁትም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅማችሁ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

በገጹ አናት ላይ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ልብ ያስደነግጣል። ገጹን ዘግታችሁ ብትከፍቱት ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ «ለዛሬ ብቻ» የተባለው ዋጋም በማግስቱ እዚያው ነው። 1,200 ዶላር ከፍሎ የገዛ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወጥ እየሠራሁ ወይም ልብስ እየተኮስሁ የታሪክ ትምህርት ማዳመጥ እወዳለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ የከፈትሁት ስለ ጥንታዊት ግሪክ የሚለውን ነው። መጀመሪያ ሙዚቃ ይመጣል፤ ቀጥሎ የማሽን ድምፅ ድርጅቱን ያሞግሳል፤ ከዚያ አንድ አዛውንት መምህር ስለ ግሪክ እግረኛ ጦር አሰላለፍ ማስረዳት ይጀምራሉ። በግራ ክንድ የሚያዘው ትልቅ ክብ ጋሻ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን በግራው የቆመውን ጓደኛውንም እንደሚከልል የሚያወሱበት ጥሩ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቆረጠ። ቀጣዩ ፋይል ስለ ፈረንሳይ ነው። የግሪኩ ቀሪ ክፍል ብዙ ፋይሎች አልፎ፣ ሌላ የኮርስ ቁጥርና ሌላ ርዕስ ተሰጥቶት ተገኘ።

መምህሩን በድምፃቸው ዐወቅኋቸው። በ2021 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያረፉት የየል ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ዶናልድ ኬገን ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ2007 የቀረጸውን ይህን ኮርስ፣ 24ቱንም ክፍለ ጊዜ ከነጽሑፍ ግልባጩ፣ «ኦፕን የል ኮርስስ» በተባለው ድረ ገጹ ለማንም ሰው በነጻ አስቀምጦታል። የጆን ሜሪማን የፈረንሳይ ታሪክና የፖል ፍሪድማን የመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ ኮርሶችም እዚያው አሉ፤ ሁለቱም ተከታትፈው ጥቅሉ ውስጥ ገብተዋል። የ500 ኮርስ ምሥጢር ይኸው ነው። የአንድ ሰዓት ትምህርት በአሥር በአሥር ደቂቃ ሲከተፍ ስድስት «ኮርስ» ይወጣዋል።

የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። የል ትምህርቶቹን የሚያሠራጨው ማንም እንዲጠቀምባቸው ፈቅዶ፣ ነገር ግን የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ በሚያዝና ለንግድ እንዳይውሉ በሚከለክል የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። ሻጩ የመምህራኑን ስም ቆርጦ ጥሎ የራሱን ማሞገሻ ለጥፎበታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማም መሰለኝ።

ከቀሪው ውስጥ ብዙው ከሊብሪቮክስ የተወሰደ ነው። ይህ በ2005 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የቅጂ መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን እያነበቡ በነጻ የሚያቀርቡበት ሥራ ነው። ንባቦቹን መሸጥ ሕገ ወጥ አይደለም፤ የመጽሐፍ ንባብን «የዩኒቨርሲቲ ኮርስ» ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። «በአማርኛ የተዘጋጁ» የተባሉትም ሰው ያላያቸው የማሽን ትርጉሞች ናቸው፤ የሚያነባቸው ማሽን የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ ጆሮ ያቆስላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 89 ዶላሩ የአንድ ጊዜ ክፍያ ይመስላል። ከመክፈያው ቁልፍ ሥር፣ በነጭ መደብ ላይ በፈዛዛ ግራጫ ቀለም የተጻፈች መስመር ግን ገዢው የ14 ቀን የ«ልዩ አባልነት» ሙከራ አብሮ እንደጀመረ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 29.99 ዶላር እንደሚቆረጥበት ትናገራለች። ማቋረጫ ቁልፍ የለም። በኢሜይል ስትጠይቁ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል፤ ቆረጣውም ይቀጥላል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሻጩን ስትለማመጡ ጊዜ አታባክኑ። በ2010 የወጣው የፌዴራል ሕግ በኢንተርኔት እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ክፍያ የሚያስከፍል ነጋዴ ካርዳችሁን ከመውሰዱ በፊት ውሉን በግልጽ እንዲያሳያችሁ፣ ፈቃዳችሁን እንዲያገኝና ቀላል ማቋረጫ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። በ2024 የጸደቀው ማቋረጥን እንደ መመዝገብ የሚያቀል ደንብ አለ የሚላችሁ ካለ፣ ያንን በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤት ሽሮታል፤ የ2010ሩ ግን ጸንቷል። የገጹን ፎቶ አንሱና የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያ መግለጫ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተከራከሩ። በዴቢት ካርድ ከሆነ ቀጣዩ ቆረጣ ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት አስቀድማችሁ ባንካችሁ እንዲያስቆመው እዘዙ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ በኢንተርኔት የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አላችሁ። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ «አሁኑኑ ማዳመጥ እፈልጋለሁ፤ የመመለስ መብቴንም እንደማጣ ተረድቻለሁ» የምትል ሣጥን ያቀርብላችኋል። እሷን ምልክት አድርጋችሁ ማውረድ ከጀመራችሁ መብቱ ቀረ። ኢትዮጵያ ሆናችሁ በቴሌግራም ለሚሸጠው ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ የላካችሁት ገንዘብ በካርድ ክርክር የሚመለስ አይደለም፤ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የአንዱን ኮርስ መምህር ሙሉ ስም ጠይቁት። መምህሩን ካልነገራችሁ ተዉት፤ ከነገራችሁም ስሙን ፈልጉና በነጻ የተቀመጠ መሆን አለመሆኑን እዩ።

መክፈል ሁሉ ሞኝነት ነው እያልሁ አይደለም። ከ1990 ጀምሮ የተቀረጹ ትምህርቶችን በመሸጥ ሥራ ላይ ያለው «ዘ ግሬት ኮርስስ» በደንብ የተዘጋጁ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ ትምህርቶች አሉት፤ ዋጋውን በየጊዜው በብዙ እጅ ስለሚቀንስ በሙሉ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም። የድምፅ መጻሕፍት በሚሸጠው ኦዲብል ላይ አባል ከሆናችሁ በክሬዲት (ለአባላት በሚሰጥ የመጽሐፍ መግዣ) የገዛችሁት ከአባልነት ብትወጡም ይቀርላችኋል፤ ያልተጠቀማችሁበት ክሬዲት ግን በዓመቱ ይቃጠላል፣ ስትወጡም ይጠፋል። አስቀድማችሁ ተጠቀሙበትና ውጡ። ይህንንም ከማድረጋችሁ በፊት አሜሪካ ያላችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሁፕላ ወይም ካኖፒ በተባሉት መተግበሪያዎች የግሬት ኮርስስን ትምህርቶች በቤተ መጻሕፍት ካርድ ብቻ ያስውሳሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ የየሉ ይበልጣል፤ የድምፅ ፋይሉ ከቪዲዮው በጣም ስለሚያንስ ዳታ አይፈጅም፣ አንዴ ካወረዳችሁትም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ጥቅሉን ከወዲሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የባንክ መግለጫችሁን ክፈቱና 29.99ን ፈልጉ። በሻጩ ስም አትፈልጉት፤ የእኔ መግለጫ ላይ የወጣው ፈጽሞ ሌላ ስም ነው።