የቴፕ ሞተር ከተቀየረ ስምንት ወር፦ ባለ 9 ቮልቱ ኢጂ 530 እንዴት ሆነ?

እዚህ የሚገመገመው ከኅዳር እስከ ሐምሌ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሠራ የቆየ ሞተር ነው። የተገጠመው በስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይም በ220 ቮልት መብራትም በሚሠራ፣ ባለ አንድ ካሴት አሮጌ ቴፕ ላይ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ኢጂ 530፣ 9 ቮልት፣ በደቂቃ 2400 ዙር ይላል፤ በየጥገና ቤቱ የሚታወቀው ክብ ሞተር። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሞተሩ የወጣበትን ገንዘብ አያስቆጭም። ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚያርፍበትን የዘንጉን ትንሽ መዘውር) እና ፍጥነቱን ሳያስተካክል የገጠመው ሰው ግን የድሮውን በሽታ በአዲስ ሞተር ይሰማል።

ከመግዛት በፊት ሞተሩ የእውነት ማለቁ ይጣራ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቺንጋው ነው፤ ላስቲኩ ይላላል፣ ወይም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ፑሌጃው ላይ ይለጠፋል። ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ባዶውን ማስነሳት ነው። ድምፁ ወጥ ሆኖ ከቀጠለ ሞተሩን ተዉት። ከፍ ዝቅ ካለ፣ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ተደርጎ ሲነካ ፍጥነቱ ከተቀየረ፣ ወይም በእጅ ካልተገፋ አልነሳ ካለ፣ ብሩሾቹ (ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያደርሱት) አልቀዋል ወይም የሚነኩት መዳብ ቆሽሿል። ቴስተርም ይመሰክራል፦ የወጣው ሞተር ከ150 እስከ 300 ሚሊ አምፔር ይዘል ነበር፤ አዲሱ ካሴት እየጎተተ 110 አካባቢ ረግቶ ይቆያል። አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በሞተሩ ጀርባ፣ በቀዳዳው ውስጥ ያለችው የፍጥነት ማስተካከያ ስትዝግም ምልክቱ ያው ነው። ያለችበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሮ መመለስ ምንም አያስወጣም፤ አንዳንዱ ሞተር በዚህ ብቻ ይድናል።

ሲገዛ አራት ነገር ይታያል፦ ቮልቱ፣ ዙሩ፣ የሚዞርበት አቅጣጫና የሽቦው ቁጥር። በጣም የሚያሳስተው አቅጣጫው ነው። አንዱ ከዘንጉ በኩል ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ ሌላው በተቃራኒው፤ መልካቸው ግን አንድ ነው። ሽቦ አገላብጦ አቅጣጫ መቀየር እዚህ አይሠራም፤ ውስጡ ያለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ በአንድ ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጥ) ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ በፍጥነት የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ አራት ሽቦ አለው፤ ባለ ሁለት ሽቦው አይተካውም። በጎንደር ፒያሳ ወይም በቅዳሜ ገበያ በኩል ከሞተ ቴፕ የወጣ ሞተር ከተገኘ ሳይገዙ በ9 ቮልት አስነስቶ አምስት ደቂቃ ማዳመጥ ነው።

አሁን ዋናው፣ ፑሌጃው። አዲሱ ሞተር ያለ ፑሌጃ ወይም የራሱን ይዞ ይመጣል፤ የራሱ መጠን ከድሮው ከተለየ ፍጥነቱ በዚያው ልክ ይለያል። የድሮው 10 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 10.5 ቢሆን ቴፑ በ5 በመቶ ፈጠነ ማለት ነው። ስለዚህ የድሮውን ማዛወር ይሻላል። ከመንቀሉ በፊት ከሞተሩ ፊት ያለውን ከፍታ በካሊፐር መለካት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ቺንጋው ጠማማ ሄዶ ይበላል። የነሐስ ፑሌጃ ዘንጉ ላይ ተጨንቆ ነው የገባው። የብየዳ ካውያ ጫፍ ሃያ ሰከንድ ያህል ላዩ ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፤ ከዚያ በሁለት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሁለት ወገን እኩል ማንሳት ነው። በፒንሳ መጎተት ዘንጉን ያጎብጣል። አዲሱ ላይ ሲጫን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቦታ ይመጣል፦ ግፊቱ በሙሉ ዘንጉ በሚያርፍበት የጀርባ ሳህን ላይ ይወድቃል፣ ሳህኑ ከተጫነ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ይጮሃል። ፑሌጃውን አሙቆ፣ በመዶሻ ሳይነኩ፣ በጣት ብቻ ማስገባት።

ሦስቱ የማሰሪያ ብሎኖች ሥር የጎማ ቀለበቶች አሉ። በዘመናቸው ብዛት እንደ አጥንት ደርቀዋል። ያለ እነሱ የታሰረ ሞተር ንዝረቱን ለብረቱ ይሰጥና ከድምፁ ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይሰማል። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጠው የገቡት ስምንቱን ወር ሙሉ ይዘዋል። ብሎኑ አጥብቆ ከታሰረ ግን ጎማው መኖሩ ትርጉም የለውም። የድሮው ሞተር የብረት ሽፋን ከነበረው እሱም ወደ አዲሱ ይዛወር። ስፒከሩ ላይ እሽሽ የሚል ድምፅ ከተሰማ የብሩሾቹ ብልጭታ ነው፤ 100 ናኖ ፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በሁለቱ ሽቦዎች መካከል መበየድና የሞተሩን ቆርቆሮ ከቴፑ ብረት ጋር በአጭር ሽቦ ማገናኘት ያጠፋዋል። ቺንጋው አብሮ ይቀየር። የድሮው የሄደበት መንገድ በክር ይለካና ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚያንስ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ከጠበበ የሞተሩን ኩሽኔታ ወደ ጎን እየጎተተ ቶሎ ይበላል።

ፍጥነት ማስተካከሉ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። ባለ 3000 ሄርዝ የመፈተኛ ካሴት ያለው ሰው በስልኩ የድምፅ መለኪያ ይጨርሰዋል፤ 3090 ካነበበ ቴፑ 3 በመቶ ፈጥኗል። ካሴቱ ለሌለው ግን ሜትርና መቀስ ይበቃል። ሙዚቃ ሳይቋረጥ ከተቀዳበት የማይፈለግ የ60 ደቂቃ ካሴት ላይ ክሩን ሳይጎትቱ ዘርግቶ ልክ 4 ሜትር ከ76 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ከካሴት መጀመሪያ ላይ የሚገኘውን ድምፅ የማይዝ ክር በቀጭን ማጣበቂያ በጀርባው በኩል መቀጠል። ድምፁ ከጀመረበት እስካለቀበት 100 ሰከንድ ሊፈጅ ይገባል። 99 ከሆነ 1 በመቶ ፈጥኗል፣ 102 ከሆነ 2 በመቶ ዘግይቷል። ስሌት እንኳ አይጠይቅም። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ከሠራ በኋላ፣ በጀርባው ያለችውን ማስተካከያ በፕላስቲክ ካቻቢቴ፣ በጥቂት በጥቂቱ ማዞር ነው። የፀጉር ያህል መዞር እንኳ በሰዓቱ ላይ ይታያል።

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን? ጎንደር ውስጥ ሳጥን ሥር የተቀመጡት ካሴቶች የሠርግ ማሲንቆ ወይም የአቋቋም ትምህርት የያዙ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው ናቸው። በ6 በመቶ የፈጠነ ቴፕ ድምፅን ግማሽ ቃና ያህል ከፍ ያደርጋል። ማሲንቆ ሲሳብ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ወዲያው ይጋለጣል፤ ረጅም ቃና ላይ የተሰማ ማዕበል የማሲንቆው አይደለም። አቋቋም ግን ይደብቃል፤ መረግዱ (ከበሮ የሚመታበት ክፍል) ፈጥኖ ቢሰማም ተማሪው መምህሩ እንዲህ ይላሉ ብሎ ይይዘዋል።

ከስምንት ወር በኋላ መፈተኛው ክር 99.4 ሰከንድ አነበበ፤ በጆሮ የሚለይ ባይሆንም ተስተካከለ። በታኅሣሥ ማለዳ ቴፑ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ይጎተት ነበር። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም፤ በቺንጋው የሚዞረው ከባድ መዘውር (ፍላይዊል) ዘንግ ላይ የነበረው አሮጌ ግሪስ ነው። በአልኮል ተጠርጎ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ከተደረገበት ወዲህ አልተደገመም። የየካቲትና የመጋቢት አቧራ ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ሄድና የጎማ ሮለሩን በየሳምንቱ ማጽዳት ያስፈልገዋል። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ሞተሩ አይሰማውም፤ ድንጋዩ ደክሞ ስድስቱ በድምር ከ6 ቮልት ተኩል ሲወርዱ ግን መቆጣጠሪያው ይለቃል፣ ዘፈኑም ይተኛል።

የቤት ቅጂ በሚሰማበት ጊዜ መጨረሻው እየፈጠነ የሚሄድ ካሴት ካጋጠመ፣ ሲቀዳ ድንጋዩ እያለቀ ነበር ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ካሴት ብሎ ማስተካከያዋን መንካት ሌሎቹን ሁሉ ማበላሸት ነው። በትክክለኛው ፍጥነት ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥና እዚያው ቀስ እያለ ይስተካከል።