አደን ወይስ እርሻ? የአቡ ሁረይራ ምርጫ

ሶሪያ ውስጥ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር የነበረችው ጥንታዊት መንደር አቡ ሁረይራ ሁለቱንም ኑሮ አይታለች። ከ13,000 ዓመት ገደማ በፊት ነዋሪዎቿ አዳኝና ለቃሚ ነበሩ፤ ኋላ ገበሬ ሆኑ። የቱ ይሻላል?

ምግብ፦ አዳኙ ሚዳቋውንም የዱር እህሉንም ያፈራርቃል። ገበሬው ባብዛኛው እህል።

ልፋት፦ እዚህ ላይ እርሻ ጉድ ነው። በተለይ ሴቶቹ ተንበርክከው በድንጋይ ወፍጮ ለሰዓታት ሲፈጩ የእግር ጣታቸው፣ ጉልበታቸውና ወገባቸው ተጎድቷል፤ አጥንታቸው ላይ ይታያል። ዱቄቱ ውስጥ የገባው የድንጋይ ብናኝ ደግሞ ጥርስ ይጨርሳል። (ወፍጮ ቤት ይባረክ!)

ስጋት፦ መንጋው ከቀረ አዳኙ ጦሙን ያድራል። ገበሬው ጎተራ አለው፤ ዝናብ እስኪቀር ድረስ።

ሰው ጥቂት፣ አገሩ ሰፊ ከሆነ አደን ያዋጣል። ልጅ ሲበዛ ግን እርሻ፤ ትንሽ መሬት ብዙ አፍ ይመግባል። ገበሬዎቹም ቢሆኑ ሚዳቋ ማደናቸውን ቶሎ አልተዉም።