የጆሮ ሥር ዕጢ ኦፕራሲዮን ካደረግኩ 7 ዓመት ሆነኝ፣ ሪቪው አሁን ነው የምጽፈው

ስፌቱ በተፈታ ሳምንት ብጽፍ ኖሮ 5 ኮከብ ሰጥቼ ወጥቼ ነበር ግን የምራቅ ዕጢ (የጆሮ ሥር ዕጢ የምራቅ ዕጢ ነው) ሕክምና በሳምንት አይታወቅም፣ እና ሆን ብዬ ቆየሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም፣ እናንተም ሌላ ቦታ ስትታከሙ የሚጠቅማችሁን ነው የምነግራችሁ።

ከግራ ጆሮዬ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል እብጠት ነበረች፣ አታምም፣ በጣቴ ስነካት ወዲያ ወዲህ ትላለች። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮ ደግፍ ነው አሉኝና አንቲባዮቲክ፣ ከወራት በኋላ ስመለስ ደግሞ ሌላ አንቲባዮቲክ። ጆሮ ደግፍ እኮ ያማል፣ ያተኩሳል፣ ቢበዛ በ2 ሳምንት ይጠፋል። የማያም እና ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ሌላ ነው ግን ያኔ ማን ነገረኝ፣ ከ1 ዓመት በላይ እንዲሁ አለፈ። ለነሱ 1 ኮከብ ነው የምሰጠው፣ እስካሁን ያናድደኛል።

ሆስፒታሉ ግን ሌላ ነበር። አልትራሳውንድ፣ በቀጭን መርፌ ናሙና፣ ከዛ ኤምአርአይ በቅደም ተከተል ተሠራልኝ። ለምን ትንሽ ቆርጣችሁ አትመረምሩትም ብዬ ስጠይቅ የእብጠቱ ሽፋን ከተቀደደ ሴሎቹ ተበትነው ሌላ ቦታ ሊበቅሉ ይችላሉ አሉኝ፣ ይሄን ሳልሰማ ቆርጦ የሚያወጣልኝ ሰው ባገኝ እሺ እል ነበር። ውጤቱ ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ የሚባል የምራቅ ዕጢ እብጠት መጣ፣ ካንሰር አይደለም። ከምራቅ ዕጢ እብጠቶች 80 በመቶ ገደማው እዚሁ ጆሮ ሥር ያለው ትልቁ ዕጢ ላይ ነው የሚወጣው፣ ብዙዎቹም ካንሰር አይደሉም፤ ከመንጋጋ በታችና ከምላስ ሥር ያሉት ትንንሾቹ ዕጢዎች ላይ ሲወጣ ነው ስጋቱ የሚጨምረው።

ካንሰር ካልሆነ ለምን እቆረጣለሁ አልኩ። ዶክተሩ ተቀምጦ በወረቀት ሣለልኝ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በምራቅ ዕጢው መሐል ገብቶ 5 ቦታ ይከፈላል፣ እብጠቱ ለብዙ ዓመት ከተተወ ደግሞ ማደጉ ብቻ ሳይሆን ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉም ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ድሮ እብጠቷን ብቻ ፈልፍለው ያወጡ ነበር አለኝ፣ እና ብዙ ሰው ላይ ተመልሶ መጣ፣ አንዳንዱ ጥናት ላይ ከ5 ሰው 1 እና ከዛም በላይ። አሁን ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ስለሚነሣ የሚመለስበት ሰው ጥቂት ነው፤ ከተመለሰ ግን ብዙ ጊዜ ተበታትኖ ነው የሚመጣው፣ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ለነርቩ በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ለዚህ ነገር የመጀመሪያው ሰርጀሪ ነው ወሳኙ፣ የአንገትና ጭንቅላት ስፔሻሊስት ፈልጉ፣ ስትሄዱም ይሄን ኦፕራሲዮን በዓመት ስንት ጊዜ ትሠራለህ ዶክተር ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። እኔ ስጠይቀው ምንም ቅር አላለውም።

ሰርጀሪው 5 ኮከብ። ከመግባቴ በፊት ዓይንህን ጨፍን፣ ፈገግ በል፣ ጉንጭህን ንፋ እያለ አየኝ፣ ውስጥም ነርቩን የሚከታተል ማሽን ነበር። ስነቃ የከንፈሬ ጥግ በግራ በኩል አይነሣም። ፈራሁ ግን አስቀድሞ ብዙ ሰው ላይ ለጊዜው እንደሚደክምና ነርቩ ካልተቆረጠ እንደሚመለስ ነግሮኝ ስለነበር ቻልኩት፣ በ3 ወር ተመለሰ። የጆሮዬ ጫፍ እስከዛሬ ደንዝዟል፣ እሱንም ነግሮኛል።

ያልተነገረኝ ግን ይሄ ነው፦ በ8ኛው ወር ምግብ ስበላ ጉንጬ ያልበኛል። ቀልቶ ይሞቃል፣ ላብ ይወርዳል። ቁስሉ የተከፈተ ወይ ምራቅ የሚፈስ መስሎኝ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬአለሁ። ለካ ለምራቅ ዕጢው ትእዛዝ የሚያመጡት ነርቮች ሲያገግሙ መንገድ ስተው ቆዳው ላይ ካሉት የላብ ዕጢዎች ጋር ተገናኝተው ነው፣ ፍሬይ ሲንድሮም ይባላል፣ ፖላንዳዊቷ ዶክተር ሉቺያ ፍሬይ በ1923 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ነገር ነው፣ የቦቶክስ መርፌ ደግሞ ለወራት ያቆመዋል። መቶ ዓመት የታወቀን ነገር በ1 አረፍተ ነገር አስቀድሞ መንገር ያቅታል? ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ክትትሉ 2 ኮከብ። በዓመቱ ጨርሰሃል አትምጣ አሉኝ። ይሄ እብጠት የሚመለስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ7 እና ከ10 ዓመት በኋላ ነው፣ ከዛም የሚቆይ አለ፣ ታዲያ በ1 ዓመት ምን ይታያል? አጠገቤ ተኝታ የነበረችው እህት አዴኖይድ ሲስቲክ የሚባለው ካንሰር ነበረባት፣ ነርቭ እየተከተለ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ 10 እና 15 ዓመት ቆይቶ ሳንባ ላይ ሊታይ የሚችል ዓይነት ነው፣ 5 ዓመት አለፈኝና ዳንኩ አይባልበትም። ለሷ ጨረር ከመጀመሯ በፊት ጥርሷን አሳከሙላት ምክንያቱም ጨረሩ አፍ ስለሚያደርቅ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል፣ የሳንባ ምርመራዋ ሁሉ በየዓመቱ ተጽፎ ተሰጣት። እና ሆስፒታሉ ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው፣ ካንሰር አይደለም የተባልነው ነን የተረሳነው።

የፓቶሎጂ ወረቀቴን ራሴ ሄጄ ጠይቄ ነው ያመጣሁት፣ ሽፋኑ እንዳልተቀደደና ጠርዙ ንጹህ (የእብጠቱ ሴል የሌለበት) እንደሆነ እዛ ላይ ነው ያነበብኩት፣ እናንተም ሳትወጡ ተቀበሉና ፎቶ አንሡት፣ ከዓመታት በኋላ አዲስ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አሁን በየዓመቱ ራሴ ቀጠሮ ይዤ በአልትራሳውንድ እታያለሁ፣ ያለፈው ወር ንጹህ ነበር።