«ትጎትተዋለች» ሲሏችሁ «ትሸከመዋለች ወይ?» በሏቸው

መኪናዬን አስመዝኜ ከሚዛን ከወረድኩ ገና አራተኛ ቀኔ ነው። ንዴቴ አልበረደም። እስኪበርድ ብጠብቅ ደግሞ ምንም ሳልጽፍ እንደምቀር ራሴን አውቀዋለሁ።

ነገሩ አጭር ነው። ሃፍ ቶን የምትባለው ቀላል ፒክአፕ አለችኝ። ፊፍዝ ዊል ካምፐር ሸጡልኝ፤ ያን ከኋላ ፓራውልት ሥር ሳይሆን ካሶኒው መሀል ላይ የሚቀመጠውን ተጎታች ቤት። መኪናዬ እንደማትችለው እያወቁ ሸጡልኝ። «እያወቁ» የምለው ተናድጄ አይደለም። ማለቴ ተናድጃለሁ፣ ግን ማወቃቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙ ይለያይ እንጂ ሰውዬው አንድ ነው። ገና ከመኪናችሁ ሳትወርዱ በር የሚከፍትላችሁ፣ የልጆቻችሁን ስም በአንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ፣ አፈ ቅቤ። ልጆቼን ካምፐሩ ውስጥ አስገብቶ አልጋው ላይ እንዲዘሉ የፈቀደው እሱ ነው። ልጅ አንዴ «ይሄ የኔ አልጋ ነው» ካለ በኋላ አባት ምን ይደራደራል? «ሥራ አስኪያጁን ላናግርልህ» ብሎ ገብቶ የሚወጣውን ቲያትር አልተርክም። ሁላችሁም አይታችሁታል።

አንድ ቁም ነገር ግን ጠይቄ ነበር፤ ይህን ይመዝገብልኝ። «መኪናዬ ትችለዋለች?» አልኩት። ሄዶ መኪናዬን አላያትም። ስልኩን አወጣና ሞዴሏን ጽፎ ስክሪኑን አዞረልኝ፤ ልትጎትት የምትችለው ክብደት 11,000 ፓውንድ (አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም)። ከዚያ ጣቱን ብሮሹሩ ላይ አሳረፈ፤ የካምፐሩ ክብደት 7,400። «ወንድሜ፣ 3,600 ይተርፍሃል፤ ኮረብታም ቢሆን አይታወቃትም» አለኝ። የመቀነስ ሂሳብ ነው፣ ማን ይከራከረዋል? ብሮሹሩ ላይ በትልቁ «በሃፍ ቶን የሚጎተት» ተብሎ ታትሟል። ይህ ቃል የማስታወቂያ ቃል መሆኑን፣ የእኔን መኪና አይቶ የጻፈው ማንም እንደሌለ ያወቅኩት ከርሜ ነው። ቀብዱን ከፈልኩ።

የርክክቡ ቀን ሂቹን፣ ካምፐሩን ከመኪናው የሚያያይዘውን ብረት፣ ካሶኒው ላይ አስረውልኝ ጠበቁኝ። ካምፐሩ በፊት እግሮቹ ቆሟል። አንድ ወጣት መካኒክ በእጁ እየመራኝ ወደ ኋላ ነዳሁ። ኪንግ ፒኑ፣ ከካምፐሩ ፊት ወደ ታች የወጣው ወፍራም ብረት፣ ሂቹ ውስጥ ቀጭ ብሎ ገባ። ልጁ ቆለፈው፣ ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየው፣ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። እኔ ወርጄ ከጎን ቆምኩ። ከዚያ የካምፐሩን እግሮች የሚያነሳውን ቁልፍ ተጫነ።

ሞተሩ እያጉረመረመ እግሮቹ ሲያጥሩ ክብደቱ ወደ መኪናዬ መጣ። መጀመሪያ ባሌስትራው ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ ከኋላ ጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል የነበረው ክፍተት መጥበብ ጀመረ። ያ ክፍተት ጡጫዬን ከነክንዴ የሚያስገባ ነበር። ዓይኔ እያየ ጠበበ፣ ጠበበ፣ ጠበበ። ኮፈኑ ወደ ላይ ቀና አለ። መኪናዬ በኋላ እግሩ የተቀመጠ ውሻ መሰለችኝ።

መካኒኩ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ። የካምፐሩ እግሮች ገና መሬቱን ሙሉ በሙሉ አልለቀቁም። ልጁ የኋላ ጎማዬን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እኔን ሳይሆን፣ በሩ ላይ የቆመውን ሻጭ አየው። አፉን ከፈተ። ሻጩ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አንዴ ብቻ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ልጁ አፉን ገጠመ። ጣቱን ወደ ቁልፉ መለሰ። ሞተሩ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

በቃ ይህችው ናት። ሦስት ሰከንድ አትሞላም።

አየኋት። አላየሁም ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ ባለቤቴም አይታለችና። ጠጋ ብላ «ያ ልጅ ምን ሊል ነበር?» አለችኝ። እኔ ጅሉ ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃላችሁ? «ምንም አይደል፤ ባሌስትራው አዲስ ጭነት እስኪለምድ ነው» አልኳት። ባሌስትራ ጭነት ይለምዳል! ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። ሰውዬው አፉን ሳይከፍት እኔ ነፃ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩለት። አራት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ገንዘቡ አይደለም፣ ይህቺ መልስ ናት።

ሻጩ እየሳቀ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ትንሽ ዝቅ ማለቷ ጥሩ ነው፣ መንገድ ትይዝልሃለች» አለ። አንድ ወረቀት አቀበለኝ። «የመጨረሻዋ ናት፤ የርክክብ ናት» አለ። ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። አላነበብኩትም። ልጆቹ «እንሂድ! እንሂድ!» እያሉ ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ውሃ ሞላን፣ ጋዝ ሞላን፣ ዕቃ ጫንን። መንገዱን አላስረዝመውም። አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ መሪው ቀለለኝ። ቀላል መሪ ደስ ይላል እንዳትሉ፤ የኋላው ከልክ በላይ ሲጫን የፊት ጎማ መሬቱን የመያዝ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ሲመሽ ከፊት የሚመጡት መኪኖች መብራት ብልጭ ያደርጉብኝ ጀመር። ረጅሙን መብራት ያበራሁ መስሏቸው ነው። አላበራሁም። የእኔ አጭር መብራት ሰማይ ሰማይ እያየ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የካምፐሩ ፍሬን እየሠራ እንኳ አንድ ነገር ከኋላ ወደ ታች የሚገፋኝ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በሩ ላይ ያለውን መያዣ ጨብጣ መንገዱን ብቻ ታያለች።

ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አንድ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጠና ያሉ ሰው፣ መኪናዬን ዞር ዞር ብለው አዩና «መዝነሃታል?» አሉኝ። አልመዘንኳትም። «በርህን ክፈት» አሉኝ። የሾፌሩን በር ከፈትኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የበሩ ገጣጣሚያ ላይ ያለችውን ቢጫና ነጭ ስቲከር በጣታቸው ነኩ። የሰዎችና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከ1,480 ፓውንድ መብለጥ የለበትም ትላለች። በዚያ በር አምስት ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም።

የመኪና ማቆሚያው ሚዛን እዚያው ነበር፤ ወጣሁበት። ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። የፊት አክስል 3,340። የኋላ አክስል 4,690። የካምፐሩ አክስሎች 7,040። መኪናዬ እኛንና ኪንግ ፒኑን ተሸክማ 8,030 ሆናለች። ፋብሪካው የፈቀደላት 7,000 ነው። የኋላ አክስሏ የተፈቀደለት 4,050 ነው።

አሁን ደሜን የሚያፈላውን ስሙ። ጠቅላላ ድምሩ 15,070 ነው። ለመኪናዋና ለተሳቢው አንድ ላይ ከተፈቀደው ጥምር ክብደት በታች። ማለትም ሻጩ አልዋሸኝም! ትጎትተዋለች። ሞተሯ ይጎትታል፣ ማርሹ ይጎትታል። የማትችለው መሸከሙን ነው፤ ስለ መሸከም ደግሞ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የከባድ መኪናው ሾፌር ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ፓራውልት ሥር የሚታሰር ካምፐር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ብቻ መኪናው ላይ ያሳርፋል። ፊፍዝ ዊል ግን ካሶኒው ላይ ስለሚጋልብ ከ15 እስከ 25 በመቶውን ያሳርፋል። የእኔ ካምፐር ተሞልቶ 8,800 ነው። መኪናዬ ላይ የተቀመጠው 1,760፣ ልክ 20 በመቶ። ይህ ብቻውን ከስቲከሩ በላይ ነው። ሂቹ 150። እኛ አራታችን 520። ካሶኒው ውስጥ የወረወርኳት ዕቃ 80። 2,510 ሆነ። የተፈቀደልኝ 1,480።

ብሮሹሩ ላይ ያለው 7,400 ደግሞ ደረቅ ክብደት የሚሉት ነው። ውሃ የለበት፣ ጋዝ የለበት፣ ዕቃ የለበት፣ እነሱ ራሳቸው ከፋብሪካ በኋላ የገጠሙት ባትሪ የለበት። ውሃ አንድ ጋሎኑ ከ8 ፓውንድ በላይ ነው። ሰው ደረቅ ካምፐር ይዞ ወዴት ይሄዳል? የፊተኛው ዕቃ ማስቀመጫ ደግሞ ኪንግ ፒኑ አጠገብ ስለሆነ እዚያ የምትጨምሩት ዕቃ አብዛኛው ቀጥታ መኪናችሁ ላይ ነው የሚወርደው። እኔ ወንበሩን፣ ቱቦውን፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ሁሉ እዚያ ነው ያጨቅኩት። ሰፊ ነው ብዬ ነዋ።

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ አንድ ሂሳብ ሠራሁ። ብሮሹሩ ራሱ የባዶው ካምፐር ኪንግ ፒን 1,340 ይላል። ሂቹን 150 ጨምሩበት፤ 1,490። ስቲከሩ 1,480። ስለዚህ ያ ልጅ ጣቱን ከቁልፉ ሲያነሳ፣ ገና ሰው ሳይገባባት፣ ሾፌሯ እንኳ መሬት ቆሞ ሳለ፣ መኪናዬ ልኳን ልታልፍ ነበር። ልጁ አየው። ሻጩም አየው። እንደ ዝንብ አባረረው።

ተመልሼ ሄድኩ። የሚዛኑን ወረቀት ይዘን፣ ቀስ ብለን፣ ውሃውን ደፍተን፣ ልጆቹን ባለቤቴ በሌላ መኪና ይዛ። ሻጩ ሲያየኝ ስሜን ረስቶታል። ያ የልጆቼን ስም በአንዴ የያዘው ሰው! ወደ ሥራ አስኪያጁ ወሰደኝ። ሥራ አስኪያጁ የሚዛን ወረቀቴን በሁለት ጣት ይዞ አየና ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። ከመሳቢያው ያችን «የመጨረሻዋን» ወረቀት አወጣ። ሦስተኛዋ መስመር ላይ፣ ገዢው የራሱ መኪና ለተሳቢው ተስማሚ መሆኗን ራሱ አጣርቷል ትላለች። ሥሯ ፊርማዬ። «ማንበብ የገዢ ሥራ ነው» አለኝ። ሻጩ ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩን እየነካካ ነው።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መፍትሔው ቀላል ነው፤ የበለጠ የምትሸከም ዋን ቶን ፒክአፕ አለን፤ ያንተን በቅያሪ እንይዝልሃለን።» ለመኪናዬ የሰጡኝን ዋጋ አልጽፈውም፤ ስድብ ነው። እምቢ ስል «እንግዲያው ባሌስትራውን የሚያግዝ የአየር ከረጢት እናስገባልህ፣ ቀና ትላለች» አለ። ቀና ትላለች እንጂ ስቲከሯ ላይ ያለው ቁጥር አይጨምርም። አክስሉም፣ ጎማውም፣ ፍሬኑም ያው ናቸው። ይህን ስለው ሁለቱ ተያዩና ፈገግ አሉ። አሁን አዋቂ ሆነሃል እንደማለት።

ስወጣ መካኒኩን ግቢው ውስጥ አገኘሁት። አየኝ። ዓይኑን ሰበረ። በእሱ አልተናደድኩም፣ እንጀራው ነው። በራሴ ነው።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፦ ቀብድ ሳትከፍሉ የራሳችሁን በር ከፍታችሁ ስቲከሯን ፎቶ አንሱ። የካምፐሩን ደረቅ ክብደት ተዉት፤ ከፍተኛውን የተፈቀደ ክብደት ወስዳችሁ በ20 በመቶ አባዙት። ሂቹን፣ ቤተሰቡን፣ ዕቃውን ደምሩበት። ከስቲከሯ ከበለጠ ጥላችሁ ውጡ። ካሶኒያችሁ አጭር ከሆነ ደግሞ ስትታጠፉ የካምፐሩ ጥግ የመኪናችሁን የኋላ መስኮት እንዳይመታ ጠይቁ፤ እኔ እዚህ ላይ እንኳ ዕድለኛ ነበርኩ። «የመጨረሻዋ ወረቀት» ስትመጣ ልጆቹን ወደ ሌላ ቦታ ላኩና አንብቡ።

ካምፐሩን ግቢያቸው ውስጥ ፈትቼ ጥዬው መጣሁ፤ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ ወረወርኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ። ዛሬ ጠዋት ኢሜይል ላኩልኝ፤ ተሳቢው ግቢያቸው ውስጥ ለሚቆምበት ለያንዳንዱ ቀን ሊያስከፍሉኝ ነው። ከሥሩ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» ይላል።