የ58 ሲሲው የሞተር መጋዝ በጎጃም ደጋ፦ ከወራት ሥራ በኋላ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሽፋን ለብሶ የሚደረደረው፣ «58 ሲሲ» የተጻፈበት ቻይና ሠራሽ የሞተር መጋዝ የሚለጠፍበት ስም ይለያያል እንጂ ውስጡ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የአንዱ ፒስተን ለሌላው ይገጥማል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ ግምገማ ለዝርያው በሙሉ ነው። የተፈተነበት ሥራ ሁለት ዓይነት ነው፦ በበጋ ባሕር ዛፍ መጣልና ቅርንጫፍ መከርከም፣ በክረምት ደግሞ ከጣሪያ ሥር የወንዛ ግንድ ለገበታ፣ ለበርጩማና ለከበሮ ማሰናዳት።

ፍርዱ ይቅደም፦ መሬት ላይ ቆሞ ለሚቆርጥ ዋጋውን ያወጣል፤ ዛፍ ላይ ለሚወጣ አይሆንም። ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ሰንሰለቱ ተገጥሞ፣ ነዳጅና ዘይት ሞልቶ 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተሠራውም ለሁለት እጅ ነው። ገመድ ታጥቆ ቅርንጫፍ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ቆልመም ያለ የእጅ መጋዝ ይሻለዋል፤ ሞተሩ ታች ይቆይ።

አዲሱ ማሽን ከካርቶን እንደወጣ ጉልበት ያንሰዋል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው «ቻይና ምን ይጠበቃል» ብሎ ያልፈዋል። ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። ካርቡሬተሩ ፋብሪካ ላይ የሚስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጅባራ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቤንዚኑ ያው ሆኖ አየሩ ሲያንስ የተረፈው ቤንዚን በማርሚታው በኩል በጭስ መልክ ይወጣል።

መፍትሔው አንድ ካቻቢቴና አሥር ደቂቃ ነው። በጎን በኩል «ኤል» እና «ኤች» የሚባሉ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ «ኤል» ለዝግታው፣ «ኤች» ለሙሉ ፍጥነቱ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ፤ በቆሸሸ ፊልትሮ የተስተካከለ ካርቡሬተር ፊልትሮው በጸዳ ማግስት ይዛባል። ሞተሩን ጥቂት እንጨት እያስቆረጣችሁ አሙቁት። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ስትጫኑት ሳያቅማማ እስኪነሣ ድረስ «ኤል»ን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀኝ አዙሩ። ቀጥሎ ሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይጫን ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ሰንሰለቱ ቆሞ ሞተሩ ብቻ በሚሠራበት ልክ ያዙት። «ኤች»ን ግን በአንድ ጊዜ ከዙሩ አንድ ስምንተኛ በላይ አትንኩት። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ባዶውን የተቆራረጠ፣ የሚንተባተብ ድምፅ ማሰማት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ መጥራት አለበት። ባዶውን እየጠራ የሚጮህ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ወደ ግራ መልሱት። ጥቂት ከሠራ በኋላ ካንዴላው ጫፉ የቡና ቀለም ከያዘ ልክ ነው፤ ከነጣ አደጋ ነው።

አደጋው የት እንዳለ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሥራ የሚወርድ ሰው በተለይ ሊያውቀው ይገባል። ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ታች ሲደርስ ይወፍራል። ለደጋ የተጠበበ ካርቡሬተር እዚያ ከአየሩ ጋር የሚመጣጠን ቤንዚን አይሰጥም። በቱ ስትሮክ ሞተር ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ፣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም ያንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚላጠውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት «ኤች»ን ወደ ግራ መልሱ። ብሎን በማዞር የማይመለሰው ነገር ግን አንድ አለ፦ የሳሳ አየር የወሰደው ጉልበት። ባለ 20 ኢንቹ ባር ሙሉ በሙሉ ወይራ ውስጥ ሲቀበር ሞተሩ የሚያቃስተው ለዚህ ነው፤ ለጠንካራ እንጨት ወደ 16 ኢንች መውረድ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት 25 ለ 1 ይላል፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ዘይት ማለት ነው። ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ከተገኘ 40 ለ 1፣ ማለትም 25 ሚሊ፣ ይበቃል፤ ሲሊንደሩ እስኪላመድ ግን በወረቀቱ መሄድ ይሻላል። በክዳን እየገመቱ ከመቀላቀል ከመድኃኒት ቤት የ20 ሚሊ ሲሪንጅ መግዛት ይረክሳል። መንገድ ዳር በሀይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከሆነ አንድ ሌሊት አስተኝታችሁ፣ ከሥሩ ጥቂት ትታችሁ፣ በጥጥ ጨርቅ አጥልላችሁ ተጠቀሙ፤ በክረምት ከሥሩ ውኃ አይጠፋም።

የሰንሰለቱ ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። ጋራዥ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ሁሉም ያንን ይሞላል፤ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ግን ፓምፑንም ባሩንም ይበላል። አዲስ ባለ 40 የሞተር ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይት የሚሞክሩም አሉ፤ ኑግ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅና የሚጣበቅ ዘይት ስለሆነ መጋዙ ለጥቂት ሳምንታት ከቆመ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ለተጠረበው ገበታ ሲቀባ የሚወደደው ያው ባሕርዩ ነው።

ዘይት መድረሱን ለማወቅ የባሩን ጫፍ ከደረቅ ጣውላ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ነዳጅ መስጠት ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ጣውላው ላይ የዘይት መስመር ካልታየ ሥራ አይጀመርም። የዚህ ማሽን ደካማ ጎን ይኸው ነው። ፓምፑን የምታዞረው ጥርሳም ክፍል ፕላስቲክ ናት፤ ከፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ለሰንሰለቱ ከሚያስተላልፈው ክፍል) ሥር ስለተቀመጠች ሙቀት ያቀልጣታል። ለመለወጥ ካንዴላውን አውጥታችሁ በቀዳዳው የገመድ ጫፍ አስገቡ፤ ፒስተኑ ገመዱ ላይ ይቆምላችኋል። ፍሪሲዮኑ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ መካኒክ በመዶሻ ይሰብረዋል።

ሰንሰለት ስትገዙ «የ20 ኢንች» ማለት አይበቃም። ከታች ባሩ ውስጥ የሚገቡት መንጃ ጥርሶች 76፣ ውፍረታቸው 1.5 ሚሊ ሜትር፣ እርከኑ (የጥርሶቹ ርቀት) ደግሞ 0.325 ኢንች መሆን አለበት። ባለ 1.3 ሚሊው ይገባል፣ ይዞራልም፤ ግን ባሩ ውስጥ ስለሚወላገድ አቆራረጡ ይጣመማል። ሞረዱ ባለ 4.8 ሚሊ ክብ ሲሆን 30 ዲግሪ ተይዞ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይገፋል። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሊ ያህል ዝቅ ማለት አለባት፤ ከዚህ በላይ ከተሞረደች መጋዙ እንጨቱን እየነከሰ ይዘላል። ሰጋቱራው ቅንጣት ከሆነ ጥርሱ ስል ነው፤ ዱቄት ከሆነ ዶልዱሟል።

የባሕር ዛፍ ጉቶ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ለሚፈልግ ገበሬ ስል ሰንሰለት ግዴታ ነው። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ትንሽ አዘንብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ የዶለዶመ ሰንሰለት ልጡን ከጉቶው ይገነጥለዋል፤ ቀጣዩ አጣና የሚበቅለው ደግሞ ከዚያው ልጥ ሥር ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። አንደኛው ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከታች ወደ ላይ ሩብ ያህል፣ ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ከላይ ወደ ታች፤ ክብደቱ ከወደቀ በኋላ የቀረው ቁራጭ ከግንዱ ጋር ከሚያያይዘው እብጥ ቀለበት ወጣ ብሎ ይቆረጣል። እብጠቱን ከግንዱ እኩል አድርጎ መላጨት ያምራል፤ ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋበትን ሥጋ ግን ይወስዳል። ቁስሉ ላይ ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባትም አይጠቅምም።

ለቅርጽ ሥራ ይህ ማሽን ከመጥረቢያው የሚረከበው ከባዱን ድካም ብቻ ነው። ወንዛው ርጥብ ሳለ ይሰነጠቃል፣ ወርዱ ይወጣል፣ ሆዱ ይጎደጎዳል። (ወንዛ እንደ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ በአዋጅ ጥበቃ የተደረገለት ስለሆነ ግንዱ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ፈቃድ ይኑር።) በእንጨቱ ርዝመት ስትቆርጡ የሚወጣው ሰጋቱራ እንደ ክር ረጅም ስለሆነ የፍሪሲዮኑን ሽፋን ቶሎ ይሞላዋል፤ እያቆማችሁ ጥረጉ። ከበሮ ወይም ገበታ ሲጎደጎድ ባሩ የሚገባው በጫፉ የታችኛው ግማሽ ነው፤ የላይኛው ግማሽ እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ፊታችሁ ይመለሳል። ለመሮ የሚተርፍ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ተዉ። የግንዱ ሁለት ጫፎች ደግሞ በዕለቱ ሰፈፍ ቀልጦ ካልተቀባባቸው ሲደርቁ ይፈነዳሉ። ደረቅ ወንዛ ሲቆረጥ ብናኙ ደቃቅ ስለሆነ የአየር ፊልትሮው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይፈልጋል።

ከዚህ ሌላ የሚሰበረው የታወቀ ነው፦ የማስነሻው ገመድና ከሥሩ ያለችው ፕላስቲክ ነካሽ፣ ሲቆይ የሚሰነጠቀው የቤንዚን ቱቦ፣ በንዝረት የሚላሉት የማርሚታ ብሎኖች። ከሁሉ የሚከፋው ቱቦው ነው፤ በስንጥቁ አየር ሲስብ ሞተሩ ያለ ምክንያት ፍጥነት ይጨምራል፤ ያኔ ካርቡሬተሩን መነካካት ትታችሁ ወዲያው አጥፉት። ስትገዙ ከማሽኑ ጋር አንድ ቱቦ፣ አንድ የፓምፕ ጥርስ፣ ሁለት ሰንሰለትና ሁለት ካንዴላ አብራችሁ ውሰዱ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ሲያሳያችሁም ጩኸቱን ብቻ አትስሙ፤ ዘይት ሞልቶ በጣውላ ላይ ያሳያችሁ።