ለማንጎ ማርማላታ ከባሕር ዳር የተገዛ ሲትሪክ አሲድ

ባሕር ዳር ውስጥ የምግብ ግብዓት ከሚሸጥ አንድ ሱቅ የገዛሁት ሲትሪክ አሲድ (ምግብን የሚያኮመጥጠው ነጭ ዱቄት) ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ቅሬታዬ በአሻሻጡ ላይ ነው። ሱቁ ትልቁን ከረጢት ፈትቶ በየኪሎው በላስቲክ እያሸገ ይሸጣል፤ በላስቲኩ ላይ የሎሚ ሥዕል ከመለጠፉ በቀር የተመረተበትና የሚያበቃበት ጊዜም ሆነ የአሲዱ ዓይነት አልተጻፈም።

ዓይነቱ መጻፍ ነበረበት፤ ምክንያቱም ይህ አሲድ ውሃ አልባና ውሃ አዘል ሆኖ በሁለት መልክ ይመረታል። ከውሃ አዘሉ ክብደት 8.6 በመቶው ውሃ ስለሆነ 100 ግራም ውሃ አልባውን ለመተካት 110 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። በሻይ ማንኪያ ለሚጠቀም ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ማርማላታ እየሠራ ለሚሸጥ ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ መግዛት ያከስራል።

ሥዕሉም ቢሆን ያሳስታል። ሼሌ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1784 አሲዱን ከሎሚ ጭማቂ ለይቶ ቢያወጣም፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው አስፐርጊለስ ናይጀር የሚባል ጥቁር ሻጋታ ስኳር አብላልቶ የሚሰጠው ነው። ጄምስ ከሪ የተባለ ኬሚስት በ1917 ይህ ሻጋታ ስኳር በበዛበትና በኮመጠጠ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ አሲድ እንደሚያወጣ አሳየ፤ ፋይዘር የተባለው ኩባንያም በ1919 በዚሁ ዘዴ ማምረት ጀመረ። ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ወፍራም ተረፈ ምርት) ወይም ከበቆሎ ስታርች የተገኘ ስኳር በጋን ውስጥ አየር እየተነፋበት ይብላላል፤ ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን በጥቂቱ እንኳ ቢበዛ ሻጋታው ስኳሩን ለገዛ ዕድገቱ ስለሚያውለው ምርቱ ይቀንሳል። ሻጋታው ተጣርቶ ከወጣ በኋላ አሲዱ በተለመደው መንገድ በኖራ ይዘቅጥና በሰልፈሪክ አሲድ ይለቀቃል፤ ከዚያም ተጣርቶ ወደ ክሪስታልነት ይለወጣል። ስለዚህ ሻጋታ ሲባል ሰምቶ መሥጋት አይገባም።

ጣና ዳር ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ሐይቁን የወረረውን አረም፣ እንቦጭን፣ ለሻጋታው ጥሬ ዕቃ ማድረግን ማሰቡ አይቀርም። ነገር ግን እንቦጭ ዘጠና በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ በቀረው ውስጥ ያለው ሴሉሎስም (የተክል ጭረት) በኢንዛይም ወይም በአሲድ ወደ ስኳር ካልተሰበረ ሻጋታው በቀጥታ ብዙ አሲድ አያወጣበትም። አጭዶ ማጓጓዙና መሰባበሩ የሚጠይቀውን ወጪ ሳያሰሉ «ነፃ ጥሬ ዕቃ» ማለት ቀልድ ነው።

ወደ ማርማላታው ስመለስ፣ በደንብ የበሰለ ማንጎ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ ስለሆነ ያለ አሲድ አይረጋም፤ ማርማላታን የሚያረጋው የፍራፍሬ ንጥረ ነገር፣ ፔክቲን፣ የሚጨብጠው ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ወደ 3 ሲጠጋ ነው። ለአንድ ኪሎ የማንጎ ሥጋ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ አሲድ በጥቂት ውሃ አሟሙቼ ማርማላታው ከእሳት ሊወርድ ሲል ጨመርኩ፤ ቀድሞ ቢገባ ረዥሙ መፍላት ፔክቲኑን ያዳክመዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በመጻሕፍት የሚታየውን 104 ዲግሪ መጠበቅ ማርማላታውን ማሳረር ነው፣ 98 ወይም 99 ይበቃል። ቀዝቅዞ በማንኪያ ሲነሳ ረግቶ ይቆማል፣ ቀለሙም ብርቱካናማ እንደሆነ ቀርቷል፣ መራራም አይደለም። የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊትም አንድ ማንኪያ አሲድ በሙቅ ውሃ አስለቅቆታል።

በክረምት ግን ላስቲኩ በቂ አይደለም፤ ዱቄቱ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ስለሚጓጉል ወዲያው ክዳኑ ወደሚጠብቅ ብርጭቆ ማሰሮ መገልበጥ ይሻላል። ገዢ ከመክፈሉ በፊት ዋናውን ከረጢት ያስወጣና መለያውን ያንብብ፤ ሻጩ ካላሳየው ሌላ ሱቅ ይሂድ።