ወደ ሰመራ፦ በአዋሽ ወይስ በባቲ?

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «አፋር ልንወርድ ነው። በአዋሽ እንሂድ ወይስ በኮምቦልቻ?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። በኮምቦልቻው መንገድ ላይ ያለውን የጣርማ በርን ገደል በፎቶ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። እኔ ደግሞ ደስ የማይለውን እመልስለታለሁ፦ በአዋሽ።

የአዋሹ መንገድ ፈጣን የሆነው ስለሚያጥር አይደለም። ከአዲስ አበባ ሰመራ በአዋሽ 590 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በባቲ ዞሮ ሚሌ ላይ የሚገናኘው እንዲያውም ትንሽ ቢያጥር ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ እንበል። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ለምትበላ መኪና ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። እሱንም ዳገቱ ይበላዋል። ስለዚህ «ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ካለ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አትስሙት።

ብሩ የሚፈሰው ሌላ ቦታ ነው። በአዋሽ ሌሊት 11 ሰዓት ከተነሳችሁና ፈጣን መንገዱን እስከ አዳማ ከተጠቀማችሁ፣ መኪናው ካላስቸገረ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰመራ ናችሁ። በባቲ ግን ኮምቦልቻ ማደር አለ። አራት ሰው ከሆናችሁ ሁለት ክፍል፣ እራት፣ ቁርስ፣ ለመኪና ጥበቃ። ስትመለሱም በዚያው ከሆነ ሌላ አዳር። ለፈጣን መንገዱ የሚከፈለው ብር ላይ እያጉረመረመ ሁለት ሌሊት አልጋ የሚከፍል ሰው አይገባኝም።

ከአልጋው የባሰው ፍሬን ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣልያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ በደብረ ሲና በኩል ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትጠብቃችኋለች። ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ያን ሁሉ መውረድ ነው። በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) የማይወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል። በከባድ ማርሽ የወረደውም ፍሬን ሸራው ፎርጅድ ከሆነ አይተርፍም።

አንድ ጊዜ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የተሸጠልን ሸራ ደብረ ሲና ሳንደርስ መሽተት ጀመረ። ከተማው ገብተን ጎማው ሲፈታ ሸራው ከብረቱ ላይ ተላቆ፣ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። መካኒኩ ካርቶኑን አምጡ አለን። የአምራቹ ስም ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል፣ በቃ። ቆሎ እየቆረጠምን ሌላ ሸራ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ጠበቅን። ዋጋው ከኦሪጅናሉ በግማሽ ያነሰ ሸራ፣ ሁለተኛ ሸራ፣ የመካኒክ እጅ፣ የመልእክተኛ ትራንስፖርት፣ ያልታሰበ አልጋ። አስሉት። የፍሬን ዘይትም እያደር ውሃ ይስባል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። በባቲ የሚሄድ ሰው ዘይቱን ሳይቀይር ባይወጣ ይሻለዋል።

«ግን እይታው!» ይሉኛል። እሺ፣ እይታው ያምራል፣ አልክድም። ግን እስከ ባቲ ድረስ የምታዩት ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ነው፣ በረሃ አይደለም። የወጣችሁት በረሃ ልታዩ አልነበረም እንዴ? በአዋሽ በኩል ከመተሐራ ጀምሮ በረሃ ውስጥ ናችሁ። በሰቃ ሐይቅ ዓመት ከዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረ ሐይቅ ነው። ከጎኑ ፈንታሌ አለ፣ በ2017 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ስሙ በየዜናው ሲነሳ የነበረው እሳተ ገሞራ። ቀልጦ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ መንገድ ዳር ድረስ ወርዷል። ገዋኔ ስትደርሱ አየሉ ተራራ ከሜዳው ላይ ብቻውን ተነስቶ ይቆማል። ይህን «አሰልቺ መንገድ» የሚሉ ሰዎች ተኝተው ያለፉ ይመስለኛል።

የአዋሹም ጣጣ አለበት። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው ጅቡቲ የሚመላለሰው በዚህ አስፋልት ነው። ተሳቢ ከፊት፣ ተሳቢ ከኋላ። መቅደም ትዕግሥት ይጠይቃል። ማታ መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ግመል ጥቁር አስፋልት ላይ በጨለማ አይታይም፣ ከገጫችሁት የምትከፍሉት ካሣ የጉዞውን በጀት ሙሉ ይጠርገዋል። አዋሽ ላይ ስትመለሱ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ለእሱም ሰዓት ያዙ።

ጎማ ላይ ግን አትቆጥቡ። ያረጀ ጎማ በሙቀት ይፈነዳል። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ ዕድሜው የገፋ ጎማ ገበያው ላይ ሞልቷል። መንገድ ላይ ደግሞ አንዳንድ ጎሚስታ «በረሃ ነው፣ ነፋስ እንቀንስለት» ይላል። እምቢ በሉ። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። መለካት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ስትገዙም ተጠንቀቁ፣ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ውሃ የሚሸጥ አለ።

ቢበላሽስ? ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይሄ ነው። በአዋሽ መስመር መተሐራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሁሉም ከጭነት መኪና በሚገኝ ገቢ የሚኖሩ ከተሞች ናቸው። ጎሚስታና መካኒክ ታገኛላችሁ። ክሪክ የሌለው ሰው እንኳ እጁን ካወጣ አንዱ ሹፌር ይቆምለታል። ከባቲ ወደ ሚሌ ባለው ቁልቁለት እንዲህ ያለ ምልልስ የለም።

ፀጥታውን ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። የሰሜን ሸዋና የወሎ መስመር ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም፣ ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ይዘጋል። በገዋኔና በአዳይቱ በኩልም በግጭት ምክንያት መንገድ የቆመበት ጊዜ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው በዚያ ያለፈ ሹፌር ፈልጉና ጠይቁ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ «የግድ በባቲ» ለምትሉ፣ እሁድ ተነሱ። የሰንበቴ ገበያ እሁድ ነው፣ በመንገዳችሁ ታገኙታላችሁ። ኮምቦልቻ እደሩና ሰኞ በጠዋት ባቲ ግቡ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው፣ የግመሉ ተራም ያኔ ነው። በሌላ ቀን ከሄዳችሁ ለአዳሩ የከፈላችሁት ለባዶ ሜዳ ነው። ስትመለሱ ግን በአዋሽ።